መቅጃው ሳጥን በባሌ ደጋ

ኤንቪአር የጥበቃ ካሜራዎች በኔትወርክ የሚልኩትን ምስል ተቀብሎ ሃርድ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ፣ በተፈለገ ጊዜም በቀንና በሰዓት ፈልጎ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። መጠኑ ከዲሽ ሪሲቨር ብዙም አይለይም። ብዙ ቦታ ከጠረጴዛ ሥር ወይም ከቁም ሳጥን አናት ላይ ተቀምጦ ይረሳል፤ የሚያስታውሰው የሚገኘው አንድ ነገር የጠፋ ቀን ነው።

በሮቤና በጎባ በባንክ ቅርንጫፍ፣ በሆቴል፣ በፋርማሲ፣ በነዳጅ ማደያና በእህል መጋዘን ደጃፍ ካሜራ ማየት የተለመደ ሆኗል። ካሜራ የሚያስገጥም ሰው በአብዛኛው የሚጠይቀው ስለ ካሜራው ነው፦ ስንት ሜጋፒክስል ነው? ሌሊት ያያል? በስልክ ይታያል? ስርቆት ደርሶ ቪዲዮው ሲፈለግ ግን ነገሩን የሚወስነው መቅጃው ነው። ዲስኩ የስንት ቀን ይይዛል? መብራት በጠፋበት ሰዓት ይሠራ ነበር? ሰዓቱስ ትክክል ነው? ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናቸው። ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣው መንገድ 4,000 ሜትርን ያልፋል። እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ እነዚህ ጥያቄዎች ቆላ ላይ የሌላቸው መልክ አላቸው።

ከኤንቪአር በፊት የነበረው ዲቪአር ነው። በዲቪአር አሠራር ካሜራው አናሎግ ሲግናል በኮአክሲያል ኬብል ይልካል፤ ወደ ዲጂታል ቀይሮ የሚያጭቀው መቅጃው ራሱ ነው። በኤንቪአር አሠራር ግን እያንዳንዱ ካሜራ አንድ አነስተኛ ኮምፒውተር ስለሆነ ምስሉን ራሱ አጭቆ፣ በራሱ የኔትወርክ አድራሻ ይልከዋል። አክሲስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ የመጀመሪያውን የኔትወርክ ካሜራ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በ2008 ደግሞ አክሲስ፣ ቦሽና ሶኒ ኦንቪፍ የተባለውን የጋራ መመዘኛ አቋቋሙ፤ የአንዱ ፋብሪካ ካሜራ ከሌላው መቅጃ ጋር መግባባት የቻለውም በዚሁ ነው። በአገራችን ገበያ የሚታወቁት የቻይናዎቹ ሂክቪዥንና ዳሁዋ ሁለቱም ኦንቪፍን ይደግፋሉ። ይሁንና ሰውን ከተሽከርካሪና ከእንስሳ መለየትን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ካሜራና መቅጃው የተለያየ ምርት ሲሆኑ ብዙ ጊዜ አይሠሩም፤ ስለዚህ አዲስ የሚያስገጥም ሰው ሁለቱንም ከአንድ ፋብሪካ ቢገዛ ይሻለዋል። አሮጌ የኮአክሲያል መስመር የተዘረጋበት ሕንፃም ሽቦውን መንቀል የለበትም፤ ሁለቱንም ዓይነት ካሜራ የሚቀበሉ መቅጃዎች አሉ።

አብዛኞቹ ኤንቪአሮች ከጀርባቸው 4፣ 8 ወይም 16 የኔትወርክ ወደቦች አሏቸው። ፒኦኢ በሚባለው ዘዴ ምስልም ኤሌክትሪክም በአንድ ኬብል ያልፋል፤ ካሜራው አጠገብ ሶኬት መፈለግ ቀረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው የፒኦኢ መመዘኛ ከአንድ ወደብ እስከ 15.4 ዋት፣ በ2009 የጸደቀው ደግሞ እስከ 30 ዋት ይፈቅዳል። ለተራ ካሜራ የመጀመሪያው ይበቃል። የኬብሉ ርዝመት ግን ከ100 ሜትር እንዲያልፍ አይመከርም። በሮቤ ዙሪያ ባሉ ሰፋፊ የእህል ግቢዎች ከዋናው በር እስከ ቢሮው ያለው ርቀት ከዚህ ሊበልጥ ይችላል፤ ያኔ መሃል ላይ ስዊች ማስገባት ወይም ፋይበር መዘርጋት ያስፈልጋል።

ኬብል ላይ የሚሠራው ማታለል በቀላሉ አይታይም። ገበያ ላይ «ካት 6» ተብለው ከሚሸጡ ኬብሎች አንዳንዶቹ መዳብ የተቀቡ አሉሚኒየም ናቸው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ስለሚያንስ፣ ካሜራው ቀን ቀን በደንብ ሲሠራ ይውልና ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ በርቶ ተጨማሪ ኃይል ሲፈልግ ይጠፋል። ባለቤቱ ካሜራው ተበላሸ ብሎ ያስቀይራል፤ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል። ማጣራቱ ቀላል ነው፦ ከመግዛት በፊት አንዱን ቀጭን ሽቦ ልጦ በቢላዋ ስለት ፋቅ ፋቅ ማድረግ ነው። ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ አይደለም።

የዲስክ ስሌት ብዙ ሰው የሚፈራው፣ ግን አራተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ስሌት ነው። አንድ ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ ኤች.264 በተባለው የማጨቂያ ዘዴ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ፣ ለ8 ሲካፈል በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ይሆናል። በቀን ውስጥ 86,400 ሰከንዶች ስላሉ አንዱ ካሜራ በ24 ሰዓት 43 ጊጋባይት ያህል ይሞላል። ስምንት ካሜራ በቀን 345 ጊጋባይት ይወስዳል፤ 4 ቴራባይት ዲስክ በ11 ቀን ተኩል ይሞላል። ዲስኩ ሲሞላ መቅጃው አያቆምም፤ የድሮውን እየደመሰሰ በላዩ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤች.265 ለተመሳሳይ ጥራት የሚፈልገው መጠን ግማሽ ያህሉን ስለሆነ፣ በዚህ ዘዴ ያው ዲስክ 23 ቀን ገደማ ይቆያል። ብዙ መቅጃዎች ኤች.265 እያላቸው በኤች.264 ተስተካክለው መገኘታቸው ያሳዝናል፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ስንት ቀን ይበቃል ለሚለው መልሱ የሚገኘው ከሥራው ጠባይ ነው። ሱቅ የተሰበረበት ሰው በማግሥቱ ያውቃል። መጋዘን ውስጥ ጥቂት ኩንታል እየተነካ ሲወጣ ግን የሚታወቀው ክምችቱ በተቆጠረ ቀን ነው። ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ በአካባቢው ገና እና ቦና የሚባሉት የሁለቱ ወቅቶች ሰብል ተሰብስቦ ወደ መጋዘን ሲገባ ስንዴው ገበያ እስኪስተካከል ለሳምንታት ተደርድሮ ይቆያል። ጉድለቱ በአራተኛው ሳምንት ለሚገለጥበት ነጋዴ የ11 ቀን ቪዲዮ ባዶ ዲስክ ማለት ነው። እንዲህ ላለ ሥራ ከ30 ቀን የማያንስ ማከማቻ ይፈለጋል፦ ለስምንት ካሜራ በኤች.265 6 ቴራባይት፣ የወር ተኩል ከተፈለገ 8 ቴራባይት። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ መቅዳትም ቦታ ይቆጥባል፤ ለውስጥ ካሜራ በጣም ጥሩ ነው። ለውጭው ግን ዝናብ፣ ጉም፣ በነፋስ የሚወዛወዝ ባሕር ዛፍና ሌንሱ ላይ ድሯን የምታደራ ሸረሪት ሁሉ እንቅስቃሴ ስለሆኑ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው።

ዲስኩ ራሱ የኮምፒውተር ተራ ዲስክ ባይሆን ይመረጣል። የኮምፒውተር ዲስክ የተሠራው በቀን ለጥቂት ሰዓት እንዲሠራ ሲሆን፣ ዌስተርን ዲጂታል ፐርፕል ወይም ሲጌት ስካይሆክ ብለው የሚያወጧቸው ዓይነቶች ሌት ተቀን ሳያቋርጡ እንዲጽፉ የተሠሩ ናቸው።

ከፍታ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ጽሑፉን የሚያነብና የሚጽፈው ጭንቅላት የሚሽከረከረውን ገበታ አይነካውም፤ በጥቂት ናኖ ሜትር ርቀት በላዩ ይንሳፈፋል። የሚያንሳፍፈው በገበታው መሽከርከር የሚፈጠረው ስስ የአየር ንጣፍ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጭንቅላቱ ዝቅ ይላል፤ በጣም ዝቅ ሲል ገበታውን ነክቶ ይፍቀዋል። በዚህ ምክንያት አምራቾች ለአብዛኞቹ ዲስኮች የሚሰጡት የሥራ ከፍታ ገደብ 3,050 ሜትር ገደማ፣ ማለትም 10,000 ጫማ ነው። ሮቤ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ጎባ ላይም ከዚያ ትንሽ ቢቀንስ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከገደቡ በታች ናቸውና ዲስኩ በሰላም ይሠራል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ በመሆኗ ከገደቡ ጫፍ ላይ ነች። ሳነቴ ላይ ግፊቱ ወደ 60 ከመቶ ይወርዳል፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ባለው በቱሉ ዲምቱ ተራራ አናት ላይ ከዚያም ያንሳል። እዚያ ሃርድ ዲስክ ያለበት መቅጃ ማስቀመጥ አምራቹ ከሰጠው ዋስትና ውጭ መሥራት ነው።

መፍትሔው የሚሽከረከር ነገር የሌለው ማከማቻ ነው። ኤስኤስዲ እና ሜሞሪ ካርድ የአየር ንጣፍ አያስፈልጋቸውም። ሳነቴ ላይ ካሜራ ቢተከል ምስሉ በካሜራው ሜሞሪ ካርድ ላይ ሊቀመጥ፣ ወይም በሬዲዮ አገናኝ ወርዶ ጎባ ላይ ባለ መቅጃ ሊያዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ ሳነቴን የሚያቅፈው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መኖሪያ ነው። ተመራማሪዎች የዱር እንስሳትን ለመከታተል የሚተክሏቸው የካሜራ ወጥመዶችም በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ናቸው፦ መቅጃ ሣጥን የላቸውም፣ ሙቀትና እንቅስቃሴ ሲሰማቸው ይነቃሉ፣ በባትሪ ለሳምንታት ይቆያሉ፣ ምስሉን ካርዳቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ከኤንቪአር ጋር አንድ ዓላማ ቢኖራቸውም የሚለያቸው ካርዱን ለማውጣት ሰው እዚያው ድረስ መውጣት ያለበት መሆኑ ነው።

ብርዱም ድርሻ አለው። የብዙ መቅጃዎች የሥራ ሙቀት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ እስከ 55 ዲግሪ ነው፤ ከተማ ውስጥ ባለ ቤት ይህ ችግር አይሆንም። የበለጠ የሚጎዳው ከመቀዝቀዝና ከመሞቅ የሚመጣው እርጥበት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ የቀዘቀዘ መቅጃ ጠዋት የክፍሉ አየር ሲሞቅ ውስጡ ጤዛ ሊይዝ ይችላል። በእህል መጋዘን ደግሞ የስንዴ ብናኝ የማቀዝቀዣውን ፋን ይደፍነዋል፤ ስስ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ስለሚያንስ የተደፈነ ፋን ደጋ ላይ ቶሎ ጉዳት ያደርሳል። መቅጃውን ከመጋዘኑ አውጥቶ ቢሮ ውስጥ ማስቀመጥና በየመኸሩ ማብቂያ ማራገፍ ይገባል።

ቀጥሎ መብራት አለ። በዋቤ ሸበሌ ወንዝ ላይ ያለው 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው መልካ ዋከና ለባሌ ደጋ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ነፋስና መብረቅ ማከፋፈያ መስመር ሲጎዱ የማመንጫ ቅርበት አያድንም። መብራት ሲሄድ መቅጃው ዲስኩ ላይ ገና ያልጻፈውን የመጨረሻ ቪዲዮ ያጣል፤ ደጋግሞ ሲቋረጥበትም ዲስኩ ይጎዳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የሌባው ጥበብ ነው፦ ከውጭ ቆጣሪው ላይ መብራት አጥፍቶ መግባት። ስለዚህ ባትሪ የግድ ነው። ስምንት ካሜራ ማታ እያንዳንዱ 7 ዋት፣ መቅጃው ከነዲስኩ 20 ዋት ቢፈልግ ድምሩ 75 ዋት ገደማ ይሆናል። በትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይህን ጭነት ከ45 ደቂቃ ብዙም አልፎ አይሸከምም። ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር፣ ግማሽ አቅሙ ብቻ ቢወሰድ፣ ወደ ሰባት ሰዓት ያሠራል፤ ከምሽት እስከ ንጋት ካለው ጊዜ ከግማሽ በላይ ይሸፍናል ማለት ነው። ካሜራዎቹ በሌላ ስዊች የሚሄዱ ከሆነ ስዊቹም ከዚያው ባትሪ መገናኘት አለበት፤ አለዚያ መቅጃው በርቶ የሚቀዳው ጨለማ ነው።

መብረቅ የሚገባው በመብራት መስመር ብቻ አይደለም። ግቢ ውስጥ የተዘረጋ ረጅም የመዳብ ኬብል በአቅራቢያው የወደቀ መብረቅ የሚፈጥረውን ግፊት ይዞ በቀጥታ መቅጃው ወደብ ውስጥ ያስገባዋል። ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው በፋይበር ማለፍ ይህን መንገድ ይዘጋዋል፤ መስተዋት ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና። መዳብ ከሆነ መከላከያና በአግባቡ የተቀበረ የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል።

ጉም ለካሜራው እንጂ ለመቅጃው ችግር አይመስልም፤ ነገር ግን ሁለቱንም ይነካል። ጎባን ማታ ጉም ሲሸፍናት ከሌንሱ ዙሪያ የሚወጣው የኢንፍራሬድ ብርሃን በጉሙ ላይ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ምስሉ ነጭ መጋረጃ ይሆናል። ከካሜራው ጎን ሁለትና ሦስት ሜትር ርቆ የተሰቀለ አምፖል ከዚህ የተሻለ ያሳያል። የሚንቀሳቀሰው ጉም ምስሉን ለማጨቅ አስቸጋሪ ስለሚያደርገውም በጉም ወራት ዲስኩ ከተሰላው ቀን ቀድሞ ይሞላል።

የሰዓትና የቀን ጉዳይ ለኢትዮጵያ ተጠቃሚ ከሁሉም በላይ ያስቸግራል፤ በመመሪያ መጽሐፉም ላይ አይገኝም። መቅጃው የሚያውቀው የፈረንጅ ቀንንና ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን ሰዓት ነው። ከፋብሪካ የመጣ መሣሪያ የቻይናን ሰዓት ይዞ ከቀረ ከእኛ በአምስት ሰዓት ይቀድማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ጂኤምቲ ሲደመር 3 መለወጥ አለበት። ከዚያ በኋላም መተርጎም ይቀራል። መጋዘኑ የተሰበረው ለኅዳር 16 ቀን 2018 ማክሰኞ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው እንበል። መቅጃው ላይ የሚፈለገው ኖቬምበር 25 ቀን 2025፣ 02:00 ነው። ባለቤቱ «ሰኞ ሌሊት» ካለ ባለሙያው ኖቬምበር 24ን ከፍቶ 02:00 ላይ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ከስርቆቱ 24 ሰዓት በፊት ያለውን ጸጥ ያለ ግቢ ነው። «አልቀዳም» ተብሎ የተተወ ቪዲዮ እዚያው ዲስክ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ቀን ከጠዋት አንድ ሰዓት እስከ ምሽት ድረስ ስድስት መደመር፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሌሊት ስድስት ሰዓት አሥራ ስምንት መደመር፣ ከሌሊት ስድስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ድረስ ስድስት መቀነስ ነው። የቀኑ ቁጥር የሚለወጠው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው፤ «አጥቢያ» የሚባለው ሰዓት ሁሉ መቅጃው ላይ በሚቀጥለው ቀን ሥር ይገኛል። ይህን ስሌት በወረቀት ጽፎ ሣጥኑ ላይ መለጠፍ ዋጋው ምንም አይደለም።

ሰዓቱ ደግሞ ይሳሳታል። መቅጃው ውስጥ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ስትደክም መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ኢንተርኔት ካለ በራሱ እንዲያስተካክል ማዘዝ ይቻላል፤ ከሌለ በወር አንድ ጊዜ ከስልክ ጋር ማስተያየት ይበቃል።

ስለ ኢንተርኔት ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፤ መቅጃው ለመቅዳት ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርኩ ግቢው ውስጥ ተጀምሮ ግቢው ውስጥ ያልቃል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ከሩቅ በስልክ ለማየት ነው። ለዚህም መቅጃው ከዋናው ምስል ሌላ አነስተኛ ሁለተኛ ምስል ያዘጋጃል፤ ግማሽ ሜጋቢት የሚወስድ ምስል በሰዓት 225 ሜጋባይት ያህል ይበላል፤ አራት ካሜራ በአንድ ጊዜ ሲታይ በሰዓት ወደ 900 ሜጋባይት ይደርሳል። ጥቅል የሚገዛ ሰው ይህን ቀድሞ ቢያሰላ አይደነግጥም።

ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ግን በሩ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም የፋብሪካ ፓስወርዳቸው ያልተለወጠ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በዓለም ዙሪያ ተቆጣጥሮ ኦክቶበር 21 ቀን የድረ ገጽ አድራሻዎችን በሚያስተናግደው ዳይን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ አዘመተ፤ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋረጡ። ፕሮግራሙ የሞከረው በጣም ቀላል የሆኑ የመግቢያ ቃሎችን ዝርዝር ብቻ ነበር። ገጣጣሚው ለሁሉም ደንበኞቹ አንድ ዓይነት ፓስወርድ ሰጥቶ መሄድ የለበትም፤ ባለቤቱም ሥራው ባለቀ ዕለት መለወጥና ለራሱ ጽፎ ማስቀመጥ አለበት።

መቅጃው የት ይቀመጥ የሚለው ቸል የሚባል ነገር ነው። ገንዘብ ተቀባዩ ጠረጴዛ ሥር፣ ሞኒተሩ አጠገብ ያለን መቅጃ ሌባው ይዞት ይሄዳል፤ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። በሌላ ክፍል፣ ቀዳዳ ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ቢቀመጥ ይሻላል። ካሜራው ውስጥ ሜሞሪ ካርድ ማስገባትም ሁለተኛ ቅጂ ያስቀራል፤ መቅጃው ቢጠፋ ወይም ኬብሉ ቢቆረጥ ካርዱ ይቀጥላል።

አንድ ነገር ሲደርስ ቀዳሚው ሥራ የተፈለገውን ሰዓት መቅጃው ላይ መቆለፍ ወይም ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው፤ ዲስኩ ሊደመስሰው እየመጣ ነውና። ብዙ ሰው ሞኒተሩን በስልኩ ቀርጾ ይልካል። ያ ፊትን የማይለይ፣ ሰዓቱም የማይነበብ ቪዲዮ ነው፤ ለዘመድ ለማሳየት ይሆን እንደሆን እንጂ ለመርማሪ አይበጅም። መቅጃው በራሱ ፎርማትና በኤምፒ4 ሁለት ቅጂ ይሰጣል፤ ሁለቱም ይወሰዱ። መቅጃው ከትክክለኛው ሰዓት በስንት ደቂቃ እንደሚያንስ ወይም እንደሚበልጥም በዚያው ዕለት ይጻፍ። መቼ እንደጠፋና እንደበራ የሚመዘግበው ሎግም አብሮ ይገልበጥ፤ መብራቱን ማን ቆረጠው ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው ፍንጭ የሚገኘው ከዚያ ነው።

የሚቀዳው ሰው ነውና ሕግ ያገባዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበርና የመጠበቅ መብት ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለታወቀ ዓላማ፣ ለዓላማው በሚበቃ መጠንና ጊዜ ብቻ እንዲይዝ ይጠይቃል። የሌላን ሰው መቅጃ ያለ ፈቃድ መክፈት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ነው። በተግባር ይህ ማለት ካሜራው የራስን በርና ግቢ እንጂ የጎረቤትን መስኮት አያይም፤ በሆቴል መኝታ፣ በመታጠቢያ ቤትና በሐኪም መመርመሪያ ክፍል አይተከልም፤ መግቢያው ላይ ካሜራ መኖሩን የሚነግር ጽሑፍ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይለጠፋል ማለት ነው። የጎረቤትን ቤት ከመቅዳት መቅረት በማይቻልበት ጠባብ መንገድ መቅጃው የምስሉን አንድ ክፍል በጥቁር የመሸፈን ምርጫ አለው። የማቆያ ጊዜውም እንዲሁ ይታዘዛል፤ 30 ቀን ተብሎ ሲሞላ ዲስኩ ላይ ባዶ ቦታ ቢኖርም እንኳ ከዚያ የቆየው ይሰረዛል፤ የተቆለፈው ብቻ እስኪከፈት ይቆያል።